ከወንጌሉ የተቆረጠው ቅጠል

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ወንድሜ ጫኔ የአንድ ሰው ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ አጋድሞ በዱላ አደቀቀው። ያ ሰው ዛሬ ባሌ ነው።

ዓምደሚካኤል ይባላል፤ የቀየት አገር ልጅ ነው። አዲስ አበባ ጥንታዊ ታሪክ ተምሮ፣ በየደብሩ ያለውን የብራና ጽሑፍ ሊገለብጥ በበቅሎ ወደ አገራችን ወደ ዘመሮ መጣና እኛ ቤት አረፈ። እኔ ወለተኪዳን የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ አጥር ጀርባ ቆሜ፣ ወንዶቹ ሲገረፉ እየሰማሁ ነው።

አንድ ቀን ደብተሩን ገልጬ ሳነብ ደረሰብኝ።

«ታነቢያለሽ እንዴ?»

«ይህ ጽሑፍ ከተባለ። ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።»

ሳቀና ብዕሩን ዘረጋልኝ። ከዚያ ወዲያ እሱ ከቤተ ክርስቲያን ቀድቶ ያመጣል፣ እኔ አሳምሬ እጽፋለሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ሲያየኝ አገኘዋለሁ፤ እኔም ቶሎ ወደ ጽሑፌ አጎነብሳለሁ።

አንዱ ጽሑፍ ግን እጄን አደረቀው። በደብራችን ወንጌል የመጨረሻ ቅጠል ላይ የሰፈረ የጥንት ምስክርነት ነው። አባቴ ገሠሠ ከባልቴቷ ከእማማ አዛለች የቀሙት የወንዝ ዳር መሬት የእማማ አዛለች አያቶች ርስት እንደሆነ፣ ወሰኑን እየቆጠረ ይናገራል። ክርክሩ ደግሞ እሑድ በሽማግሎች ፊት ሊታይ ነው፤ አንባቢው ዓምደሚካኤል።

«ደብዝዟል፣ አይነበብም በል» አልኩት። «ጫኔን አውቀዋለሁ፤ ይገድልሃል።»

«የሚነበበውን አይነበብም ካልኩ፣ ነገ የምጽፈውን ማን ያምነኛል?»

«ሞተህ ነው የምትጽፈው? ግትር!»

«ግትሯስ ማን ሆነችና?»

እሑድ ወንጌሉ ሲገለጥ ቅጠሉ የለም። ከሥሩ በቢላዋ ተቆርጧል።

«ሌባው ይኸው!» ብሎ ጫኔ ዘሎ ገባ። «መጽሐፉን ሲያገላብጥ የከረመ ሌላ ማን አለ?»

የመጀመሪያው ድንጋይ የዓምደሚካኤልን ግንባር ፈነከተው። ሕዝቡ ተረባረበበት። ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። ጫኔ ክንዱን ረግጦ ዱላውን አነሣ።

«በዚህች አይደል የምትጽፈው?»

አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

በዚያው ቀን ማለዳ ጫኔ ከራሱ በቅሎ ኮርቻ ሥር አንድ ነገር ሲወሽቅ አይቼ ምንነቱ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። ዝም ካልኩ መሬቱ ለአባቴ፣ ቤቱም ለእኔ ይቀራል፤ ይህ ሰው ግን እዚሁ ይሞታል።

ላዩ ላይ ተደፋሁ። ለእሱ የተሰነዘረው ዱላ ትከሻዬን አገኘው።

«አባቶቼ! የጫኔን ኮርቻ ፍቱት! ቃሉን ከፈለጋችሁ በእጄ ገልብጬዋለሁ፦ በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ አሮጌው የድንጋይ ካብ፣ በሰሜን ሁለቱ ኮሶ!»

ኮርቻው ተፈታ። ቅጠሉ ወጣ። የኔታ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ወንዙም፣ ካቡም፣ ኮሶውም አለ።

አባቴ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም።»

«መሬቱም የለዎትም» አልኳቸው። ዓምደሚካኤልን ከተሸከሙበት ቃሬዛ ኋላ በእግሬ ሄድኩ፤ ወደ ኋላ አላየሁም።

ጣቶቹ ተጣመው ቀሩ። ተጋባን። እሱ ኮሌጅ ያስተምራል፤ ማታ ማታ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በሰባተኛው ዓመት የምንጽፈው የታሪክ መጽሐፍ የዘመሮውን ነገር ከሚተርክበት ምዕራፍ ደረሰ።

«...ቅጠሉም በማይታወቅ ሰው ተቆርጦ ነበር» አለኝ።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። «በማን አልክ?»

«ወንድምሽ ነው፣ ወለቴ። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ያኔ ለእኔ ብለህ ጣትህን አላተረፍክ። ዛሬ ለእኔ ብለህ ትዋሻለህ?»

«ቅጠሉን የቆረጠው ወንድሜ ጫኔ ገሠሠ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አጎንብሶ አነበበው። «'ወንድሜ' የሚለውን ሰርዢው እንጂ። ደራሲው እኔ ነኝ።»

«የጻፍኩትስ እኔ አይደለሁ?»

ገጹን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ደግሞ አነበበው። ከዚያ የተጣመሙትን ጣቶቹን እጄ ላይ አሳረፈ። ቃሉ አልተሰረዘም።