ሊቂት የመረጠችው ላፕቶፕ

ሊቂት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከእናቷ፣ ከአባቷና ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። ቤታቸው ከፊት ለፊት የእናቷ ልብስ መስፊያ ሱቅ፣ ከጀርባው ደግሞ መኖሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ጓዳ ድረስ ይሰማል። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እህቷ መምህርት ለመሆን ትማራለች፤ የምትማረው ግን ቤቷ ተቀምጣ በኢንተርኔት ነው።

ሊቂት የሚለውን ስም ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው። ስልኩ አልሰማ ያለው፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት፣ ፎቶው የት እንደገባ ያላወቀ ሁሉ ወደ እሷ ይሮጣል። ሊቂት ስልኩን ትቀበላለች፣ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ ታደርጋለች፣ ከዚያ «በቃ፣ ሆነ» ብላ ትመልሳለች። ባለስልኩ በደስታ ግንባሯን ይስማታል። አባቷ ይህን ሲያይ ደረቱ ይነፋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የእሷም ትንሽ ይነፋል። እናንተስ ብትሆኑ? እኔ ብሆን እንኳን ደረቴ ጉንጬም ይነፋ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የቤቱ አሮጌ ላፕቶፕ ሞተ። ድንገት አይደለም የሞተው፤ ብዙ ታሞ ነው። መጀመሪያ ክዳኑ ላላና እናቷ በሱሪ ላስቲክ አሰረችው። ቀጥሎ ቁልፎቹ አንድ በአንድ አንሠራም ብለው አደሙ። በመጨረሻ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሊቂት እንኳ ብትነካካው፣ ብታሸው፣ ብትለማመጠው ወይ ፍንክች!

እህቷ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «ፈተናዬ እኮ ደርሷል! አሁን በምን ልፈተን ነው?»

አባቷ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለዚህ ብዬ ሳጠራቅም ነበር። ገንዘቡ ይሄው ነው። ብድር የሚባል ነገር አልፈልግም። በዚህ የሚገኘውን እንገዛለን፣ አለቀ።»

የሊቂት እናት ለቤት የሚገዛውን ነገር ሁሉ እንደ ልብስ ነው የምታየው። መጀመሪያ ልክ ይወሰዳል። አልጋም ይሁን ወንበር፣ ሁሉንም ሰብስባ «አንተን የት ላይ ይጠብሃል? አንቺንስ የት ላይ ይሰፋሻል?» ብላ ሳትጠይቅ ገበያ አትወጣም። ያን ዕለትም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተቀመጠች።

«በሉ፣ ልካችሁን ንገሩኝ» አለች።

«ለእኔ ፊደሉ ገዘፍ ይበልልኝ» አለ አባቷ። «መነጽሬን ፍለጋ ቤቱን ሳተረማምስ አልኑር።»

«እኔ የደንበኞቼን የልብስ ሞዴል ፎቶ የማስቀምጥበት ይኑረኝ» አለች እናቷ። «ደግሞ እንደ ስፌት መኪናዬ ረጅም ዕድሜ ይስጠው።»

እህቷ ግን አልቀለደችም። «የእኔ ባትሪው ነው። ፈተናው ላይ ላፕቶፑ ከተዘጋ ድጋሚ አይሰጥም ብለውናል። መብራት ደግሞ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። ስለዚህ ባትሪው ፈተናውን እስከ መጨረሻው መቻል አለበት።»

«አንቺስ ሊቂትዬ?» አለች እናቷ።

ሊቂት አንገቷን ደፋ አደረገች። «እኔ ምንም አልፈልግም። እናንተን ደስ ካላችሁ ይበቃኛል።»

አቤት ትሕትና! አባቷ ልቡ ተነካ። «እንግዲያው የምትመርጠው እሷ ናት» ብሎ ፈረደ። «ከዚህ ቤት ስለ ኮምፒውተር ከሊቂት በላይ የሚያውቅ የለም።»

በማግስቱ ሊቂት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመንገዷ ላይ ወዳለው የኮምፒውተር ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ደህና አድርጎ ያውቃታል። ገና ሰላምታ ሳትጨርስ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ተተክሎ ቀረ። እዚያ አንድ ላፕቶፕ አለ። ቁልፎቹ ከሥራቸው ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ያበራሉ። ስክሪኑ ላይ የእሽቅድምድም መኪና ተራራውን እየዞረ ይከንፋል።

«ዋጋው ስንት ነው?» አለች ምራቋን ውጣ።

ባለሱቁ ነገራት። ፖስታው ውስጥ ካለው ገንዘብ ጋር ልክ ለልክ ነው። የሊቂት ልብ ዘለለ።

«ባትሪውስ? እህቴ ፈተና የምትፈተንበት ነው።»

«እሱ የጌም ነው እኮ» አለ ባለሱቁ። «ጉልበት አለው፣ ግን ሆዳም ነው። ሶኬት ላይ ካልተሰካ ቶሎ ይዘጋል። ለፈተና ከሆነ ያቺን ግራጫዋን ውሰዱ። ዋጋዋ ይቀንሳል፤ ባትሪዋም ጠንካራ ነው።»

ሊቂት ግራጫዋን አየቻት። ወፍራም ናት። መብራት የላትም። ሊቂትን አንዲት እንኳ ነገሯ አላማራትም።

ወደ ቤት ስትገባ ሁሉም በአንድ ላይ «እህስ?» አሏት።

«አገኘሁ!» አለች። ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ መብራቱ አወራች። የማያውቋቸውን ቃላት ስትደረድር አፋቸውን ከፍተው ሰሟት።

«ባትሪውስ?» አለች እህቷ።

ልጆች፣ እውነቱን መናገር የነበረባት እዚህ ላይ ነበር። ሊቂት ግን የመኪናው እሽቅድምድም ዓይኗ ላይ መጣባት።

«ባትሪው? አንደኛ ነው! ስለ እሱ አታስቢ፣ እትዬ።»

እህቷ አቅፋ ሳመቻት። «ተባረኪ፣ የኔ ሊቅ!»

ይህን ጊዜ ሊቂት ደረቷን መንፋት ነበረባት፤ የለመደችው እሱን ነው። ግን ደረቷ አልነፋ አላት። 

በማግስቱ አንዲት ደንበኛ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ይዛ ወደ ስፌት ሱቁ መጣች። ለትንሽ ልጇ ቀሚስ ልታሰፋ ነው። የሊቂት እናት ጨርቁን በጣቶቿ አሸችው፤ ክንዷ ላይም ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው።

«ያምራል» አለች። «ግን ለሕፃን አይሆንም፤ ይኮሰኩሳል። ብሰፋልሽ እኔ ገንዘቤን እቀበላለሁ፣ ልጅሽ ግን ስታክ ትውላለች።»

ሴትዮዋ ቅር ብሏት ጨርቋን ጠቅልላ ሄደች።

«እማዬ፣ ለምን ዝም ብለሽ አልሰፋሽላትም?» አለች ሊቂት። «ራሷ እኮ ናት የፈለገችው።»

«ሴትዮዋ የመጣችው ስለ ጨርቅ እኔ ስለማውቅ ነው» አለች እናቷ። «እሷ የማታውቀውን እኔ እያወቅሁ ከዋሸኋት፣ ሌላ ማን ይነግራታል? አምናኝ ከፊቴ ስትቆም መዋሸት ቀላል ነው ልጄ። ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ።»

እናቷ ስለ ጨርቅ ነበር የምታወራው። የሊቂት ጆሮ ግን ጋለ። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። የላፕቶፑ መብራት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ሐሳቧን ወሰደው።

የሚገዛበት ቀን ደረሰ። አባቷ ያን ዕለት እረፍት ላይ ነበር፤ አራቱም እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ አውቶቡስ ላይ ወጡ። አባቷ ግን ወሬውን መያዝ አልቻለም። ከሹፌሩ ከባልደረባው ጎን ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። «ላፕቶፕ ልንገዛ ነው። የመረጠችው ማን መሰለህ? ያቺ ልጄ! እኛማ ምን እናውቃለን?» ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሊቂትን አያት። ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት «እደጊ ልጄ» ብለው መረቋት።

ሊቂት ዓይኗን ጨፍና በልቧ ጸለየች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ እባክህ የዚያን ላፕቶፕ ባትሪ ጠንካራ አድርገው።»

አትሳቁ! እንዲህ ያለ ጸሎት ያልጸለየ ማን አለ? ፈተናውን አበላሽተን ካስረከብን በኋላ «ጌታ ሆይ፣ መልሱን አንተ አስተካክልልኝ» የምንል ስንቶቻችን ነን? እግዚአብሔር ግን ባትሪውን አልነካውም። የነካው የሊቂትን ልብ ነው።

ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑ እያብረቀረቀ ጠበቃቸው። አባቷ ስለ ጥራቱ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ባለሱቁን «ይሄ ነው አይደል የኔ ሊቅ የመረጠችው?» ብሎ ፖስታውን ከኪሱ አወጣ። እህቷ ቀረብ ብላ ቁልፎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ሊቂት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ እንዲህ አለቻት።

«ማታ ማታ በጭንቀት እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነበር። አንቺ ከመረጥሽው በኋላ ግን ደህና ተኛሁ።»

 አባቷ ገንዘቡን ሊያስረክብ እጁን ሲዘረጋ ሊቂት እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«አባዬ፣ ቆይ! አትክፈል!»

«ምነው?»

«ዋሽቻችኋለሁ።» እጅጌውን ሳትለቅ ቀጠለች። «ባትሪው ደካማ ነው። ባለሱቁ ነግሮኛል። ለእትዬ ፈተና አይሆንም። እኔ ጌሙን ወድጄ ነው። ምንም አልፈልግም ያልኩትም ውሸቴን ነው።»

 ባለሱቁ መሬት መሬቱን አየ። የእህቷ ፊት ልውጥ አለ።

«መብራት ቢጠፋ ምን ልሆን ነበር?» አለች እህቷ። «ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት እኮ ነው! አንቺን አምኜ እኮ ነው!»

 የሊቂት እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ይቅር በይኝ እትዬ። ይቅር በሉኝ።»

እናቷ በመሐረቧ እንባዋን ጠረገችላት። «ያንቺን ልክ ለምን ደበቅሽን? ጌም እፈልጋለሁ ብትይ ማን ይቆጣሽ ነበር? ከሌላው ጋር አብረን እናየው ነበር።»

 አባቷ ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት ያወራውን እያሰበ ይሆናል። ፖስታውን መልሶ ኪሱ ከተተው። ሊቂት በቃ፣ አባዬ ከእንግዲህ አያምነኝም ብላ አንገቷን ደፋች። ያኔ ወደ እሷ ጎንበስ አለና አገጯን ቀና አደረጋት።

«ስሚኝ ልጄ። ሰው ሁሉ ሊቂት ሲልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሱ ጭንቅላትሽ ነው፤ ጭንቅላት ያለው ሰው ሞልቷል። ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ማንም ሳይነቃብሽ፣ በራስሽ አፍ ዋሽቻለሁ ያልሽው ዛሬ ነው። ዋሽተሽኛል፣ አዝኛለሁ። ግን የዛሬውን ያህል ኮርቼብሽ አላውቅም።»

ሊቂት የባሰ አለቀሰች። ይሄኛው ለቅሶ ግን ሆዷን አቀለላት። እህቷም አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ «ነይ እስቲ» ብላ አቀፈቻት።

«በይ እንግዲህ፣ አሁን ምረጪልን» አለ አባቷ።

«አይሆንም» አለች ሊቂት ዓይኗን እያበሰች። «ፈተናው የእትዬ ነው። እሷ ተቀምጣ ትሞክረው፤ እኔ የማላውቀውን ባለሱቁን እጠይቅላታለሁ።»

ግራጫዋ ላፕቶፕ ወረደች። እህቷ ተቀምጣ ጻፈችባት፤ ካሜራውን ስትከፍተው ፊቷ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ታየ። ሊቂት ፊደሉን አገዘፈችውና አባቷ ከሩቅ ሆኖ ያለ መነጽር አነበበ። እናቷ ክዳኑን ደጋግማ ከፍታ ዘጋች፣ ስፌት እንደምትፈትሽ ጎተት ጎተት አደረገችው፣ «ጠንካራ ነው» አለች። ባለሱቁ ገመዱን ነቅሎት ሁሉንም እስኪያዩ ድረስ ባትሪው ንቅንቅ አላለም። ከፖስታው ገንዘብም ተረፈ።

ፈተናው አለፈ፣ ውጤቱም መጣ። እህቷ ማለፏን ያየች ጊዜ እናቷን አልጠራችም፣ አባቷንም አልጠራችም። «ሊቂት! ሊቂት! አልፌያለሁ!» እያለች የስፌት ሱቁን አቋርጣ ሮጠች። ሊቂትም ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ጎረቤቶቹ ዛሬም ስልክ ሊገዙ ሲያስቡ ሊቂትን ያማክራሉ። እሷም መጀመሪያ «ለማን ነው? ምን ሊሠራበት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዴ ደግሞ ጎረቤቶቹ ከእሷ አፍ ሰምተውት የማያውቁትን ቃል ትናገራለች፦ «ይሄንንስ አላውቀውም፤ ጠይቄ ልንገርዎት።» ይህን ስትል አንገቷን አትደፋም።

ልጆች፣ እግዚአብሔር ከሌላው ሰው የበለጠ እንድናውቅ የሚያደርገን፣ ለሚያምነን ሰው እውነቱን እንድንነግረው ነው።