ጥርስ ያለው ቡዳ

ጋሹ ሞቶ የተገኘው አሰለፈች የሸክላ አፈር ከምትቆፍርበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። በጀርባው ተጋድሟል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ አንገቱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን የደም ጠብታ እንኳ አልተገኘም። የጉና ሰው እንዲህ ያለ ጉድ ሲያይ ማስረጃ ልፈልግ አይልም። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ቡዳ ናት፣ ደሙን መጥጣ ጣለችው ተባለና የአሰለፈች ጎጆ በር ከውጭ በጠፍር ታሰረ። ከታች ወንዙ ሞልቷል፣ ከላይ ጉሙ ወርዷል፤ ብታመልጥስ የት ልትደርስ? ቀብሩ ሲያበቃ ጎጆው እሷን እንደያዘ ሊቃጠል ነው። ይህን ማንም አልደበቀም፤ እሷም በግድግዳው ስንጥቅ ሰምታዋለች።

ደግነቱ ቄስ ወልደጊዮርጊስ ሰው ልከው ደብረ ታቦር አስደውለው ነበርና በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ፈንታነሽ እግረኛ የማይደፍረውን ወንዝ በበቅሎ ተሻግራ ደረሰች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሰው ሲያወራላት ዐይኗን የምትጨፍን ሴት ናት። በለቅሶው ቤት ሬሳው ሳይገነዝ አየችው፣ ግቢውን ዞር ዞር አለችበት፣ ከዚያ ወደ ጎጆው መጣች። ጠፍሩን አስፈትታ ገባችና ጠባቂዎቹን «መልሳችሁ እሰሩት» አለቻቸው። «እኔም አብሬ ልታሰር።»

አሰለፈች ካልተተኮሱት እንስራዎች መካከል ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። የመርማሪዋ ጫማ አመድ በአመድ መሆኑን አየች እንጂ ቀና ብላ ፊቷን ለማየት አልደፈረችም።

«ቡዳ እንዴት ነው የሚበላ?» አለቻት ፈንታነሽ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ዕድሜሽን ሙሉ ቡዳ ሲሉሽ ኖረው፣ ካንቺ የበለጠ ማን ያውቃል?»

«በዐይን ነው የሚሉት። አየችው ይላሉ፤ ሰውየው ይታመማል፣ ይለፈልፋል፣ ያጥኑታል።»

«ይነክሳልስ ይላሉ?»

«ኧረ የምን መንከስ! ጥርስ ያለው ቡዳ ሰምቼም አላውቅ።»

«እኔም አልሰማሁ።» ፈንታነሽ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ጋሹ ምንሽ ነው?»

«ጎረቤቴ ነው።»

«ፊትሽን ነጭተሻል እኮ፣ እናት ዓለም። ለጎረቤት ፊት አይነጭም።»

አሰለፈች የተቧጨረ ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነች፤ ግን ያፈነችው እንባ ገንፍሎ ወጣ። «ሊያገባኝ ነበር። ሐሙሲት ወርደን ልንኖር ተስማምተን ነበር። ያን ማታ ለእህቴ ነግሬያት እመጣለሁ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ገድለሽዋል ሲሉኝ እንዴት ብዬ ላልቅስለት?»

ከግድግዳው ውጭ ደረቅ እንጨት ሲከመር ይሰማል። ፈንታነሽም ሰምታለች፤ ግን ዐይኗን ጨፈነች። «እህቱንና ልጆቿን ጥሩልኝ» አለች በስንጥቁ በኩል።

የጋሹ እህት እቴነሽ በሩ ቢፈታላትም ወደ ውስጥ አልገባም ብላ ከደጃፉ ቆመች። ድምጿ በልቅሶ ተዘግቷል። «እራቱን በላና ይችን ሴት ላገባት ነው አለን። እኔም ጮህሁበት፣ ዘር አሰዳቢ ብዬ ሰደብሁት። ተቆጥቶ በቅሎዬን ልፍታ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆኖ ቀረ።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበር፣ እትዬ?»

«እኔና ሁለቱ ልጆቼ ነን። ወርቁና ብርነሽ።»

ብርነሽ ከቤሩት በቅርቡ የተመለሰች ናት። ከእናቷ ይልቅ ደፈር ብላ አንድ እግሯን አስገባች። «ያ ቀዳዳ ምን መሰለሽ?» ስትባል ወዲያው መለሰች። «የቪዲዮ ነገር ነው የመሰለኝ። አንድ ፈረንጅ ከመቃብር ይነሣና በሁለት ጥርሱ አንገት ወግቶ ደም ይጠጣል። ደብረ ታቦር ቪዲዮ ቤት ከወርቁ ጋር አይተን እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።» ይህን ብላ አፏን ያዘች።

ዲያቆን ወርቁ ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ መጣ። «በጥርሷ ነው የመጠጠችው፤ ምን ምርመራ ያሻዋል?»

«ቪዲዮ ቤት ትገባለህ?»

«እኔ? ዲያቆን ነኝ እኮ፤ የምን ቪዲዮ ቤት ነው የሚሉኝ?»

ፈንታነሽ አሰናበተችው። በመጨረሻ የመጡት ቄስ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸው ስለ ቀብሩ መዘግየት ሲያማርሩ ሌላም ምሬት አከሉ። «ትናንት ጊዮርጊስ ነበር። ወርቁ ሆዴን አመመኝ አለና ቅዳሴው ሌላ ዲያቆን እስኪፈለግ ዘገየ። እሱ እስከ መጨረሻው ከደጅ ቆሞ አስቀደሰ።»

ፈንታነሽ ዐይኗን ገለጠች። «አሰለፈች፣ ተነሽ። ቀብር እንሄዳለን።»

«ይገድሉኛል!»

«እዚህም አይቀርልሽም። እጄን ያዥኝ።»

ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ከመቃብሩ አፍ ላይ ተቀምጧል። አሰለፈችን ሲያይ ሕዝቡ ተንጫጫ፤ አንዱ ድንጋይ አነሣ። ፈንታነሽ ከፊቷ ቆመች። «ወርዋሪው መጀመሪያ እኔን ይምታ። ከዚያ በፊት ግን ስሙኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ደም የለም፤ የጠጣው ስላለ አይደለም፣ ጋሹ ሌላ ቦታ ስለ ሞተ ነው። የእቴነሽ ጋጣ ውስጥ አዲስ አመድ ተነስንሷል። ገፈፍ ሳደርገው ከሥሩ ደም አገኘሁ። በቅሎውን ሲፈታ ተወጋ፤ በዚያችው በቅሎ ተጭኖ እዚህች ምስኪን ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ።»

ጫጫታው ረገበ።

«አንገቱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ጥልቅ ነው፤ ደም የወጣው በዚያ ነው። ሁለተኛው ደም አልፈሰሰበትም፤ ከሞተ በኋላ የተጨመረ ነው። ለመግደል አንዱ ከበቃ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? ጥርስ እንዲመስል! ቡዳ በዐይን እንደሚበላ ያገራችሁ ሕፃን ያውቃል። በሁለት ጥርስ የሚወጋው የቪዲዮ ቤቱ ሙት ነው። ገዳዩ ሁለቱን አደባለቃቸው። በዚያ ቤት ያን ቪዲዮ ያዩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ሳልጎተጉታት ነገረችኝ፣ አንዱ ካደ።»

«ቪዲዮ ማየት ሰው መግደል ሆነ?» አለ ወርቁ።

«አልሆነም። ዲያቆን ቢያፍርበትም አልፈርድበትም። ግን ሆዱን ያመመው ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ አንተ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከደጅ ቆምህ። አባ፣ ደም የሚፈስሰው ሰው ቤተ መቅደስ ይገባል?»

«አይገባም» አሉ ቄሱ፣ ዐይናቸው የወርቁ ጋቢ ላይ ተተክሎ። «ሥርዓቱ አይፈቅድም።»

«እጅህን አውጣ።»

ወርቁ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ እናቱ ከአልቃሾቹ መካከል ተነሣች።

«አውጣ፣ ልጄ» አለች እቴነሽ። «ስፌት የምሰፋበትን ወስፌዬን አጥበህ ስትመልስ አይቼሃለሁ። አልገባኝም ነበር። አውጣ።»

መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሲወጋ ወስፌው ተንሸራቶ ራሱንም በስቶታል፤ ጨርቁ አሁንም ይደማል። «ቅስና ልቀበል ነበር» አለ ወርቁ፣ ማንንም ሳያይ። «አጎቱ ቡዳ ያገባ ቄስ፣ መስቀሉን ማን ይሳለምለታል?»

«ሰው መግደል አልከበደህም፤ በሚደማ እጅ መቅደስ መግባት ከበደህ» አለች ፈንታነሽና ለቀበሌው ሚሊሻዎች አስረከበችው።

«ነፃ ነሽ» አለቻት ወደ አሰለፈች ዞራ። «ከፈለግሽ ወንዙ ሲጎድል ደብረ ታቦር አብረን እንውረድ።»

አሰለፈች ወደ መቃብሩ ተራመደች። ሰዉ ግራና ቀኝ ገለል አለላት። አክብሯት አልነበረም፤ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፣ እሷም አይታለች። ነፃ ነሽ የተባለችው ከግድያው ብቻ ነው። ቢሆንም ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ፣ ስሙን እየጠራች፣ «ባሌ፣ ባሌ» እያለች በአደባባይ አለቀሰች።

ከአልቃሾቹ አንዷም አልተቀበለቻትም። እቴነሽ ወንድሟንም ልጇንም ባንድ ጊዜ አጥታ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ከእሷም አጠገብ ሴቶቹ አንድ በአንድ መነሣት ጀምረው ነበር። እቴነሽ ነጠላዋን ሰበሰበችና ቦታ ልትለቅ ጠጋ አለች።

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጭ» አለቻት አሰለፈችን። «ብቻዬን አልችለውም።»