አረንጓዴው ሥር

ሦስተኛው ቅጠል በጣቷ ገና ስትነካው ወደቀ። ልጅቷ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ከአውራ ጣቷ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ቢጫ ሆኗል፣ ግርጌው ረስርሷል።

ኦርኪዷ፣ ያቺ ትንሽ የአበባ ተክል፣ የእሷ አይደለችም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ፣ ሕንፃው በሙሉ ሲስተር የሚላቸው፣ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ሲሄዱ ትተውላት የሄዱት ናት። ቁመቷ ከመካከለኛ ጣት አይበልጥም። አፈር የላትም፤ ውስጡን በሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት መሀል ተተክላለች። ሥሮቿ ከውጭ ይታያሉ።

«ሥሩን እያየሽ» ብለዋት ነበር ሲስተር። «ነጣ ካለ ጠምቷታል። አረንጓዴ ከሆነ ጠግባለች፣ ውሃ እንዳታስነኪያት። አደራሽን፤ አበባዋን ለማየት ሁለት ዓመት ነው የጠበቅኩት።»

ልጅቷ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ሥሩን ታያለች። አረንጓዴ ነው። በሁለተኛው ሳምንትም አረንጓዴ፣ በሦስተኛውም። አንድ ጠብታ ሳታጠጣ ወሩ አለቀ። ሲስተር ሲደውሉ ይህንኑ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም «ቤታችሁ እርጥበት አለው ማለት ነው» ይላሉ። ባለፈው እሑድ ግን ሁለት ቅጠሎች ረግፈው ሳለ «እንዴት ናት?» ሲሏት፣ «ደህና ናት» አለቻቸው።

ሲስተር ዛሬ ጠዋት ተመልሰዋል።

በሩ ተንኳኳና ጓደኛዋ ገባች። አፏ እንደ ፈጣን አውቶቡስ ስለማይቆም ክፍል ውስጥ ኤክስፕረስ ነው የሚሏት። ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ያችኑ የምትመስል ኦርኪድ ናት፤ እንዲያውም እንቡጥ ይዛለች።

«አክስቴ አበባ ቤት ስንት ለምኜ መሰለሽ። በቃ ተገላገልሽ። መንትያ ናቸው፣ ማን ያውቃል?»

«ሲስተር።»

«ሲስተር መነጽራቸውን የሚፈልጉት እኮ መነጽራቸውን አድርገው ነው። ባክሽ አታካብጂ።»

የልጅቷ እናት ከማድ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። ሰማይ ሳይዳምን ልብስ የምታስገባ፣ ስልክ ያለ ሰዓቱ ከጠራ መርዶ ነው ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት። የታመመችዋን ተክል አየች።

«ሞተች አይደል? አውቄው ነበር። ከመጣች ቀን ጀምሮ አውቄው ነበር።»

«አልሞተችም» አለች ልጅቷ። ተክሏን ከነቅርፊቷ ልታወጣ ፕላስቲኩን ስታዘነብለው ውሃ ተንጠፈጠፈና ጠረጴዛውን አረጠበው። ከውስጥ ያሉት ሥሮች ቡናማ ሆነዋል። አንዱን ቆንጠጥ ብታደርገው ቆዳው እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጠ።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? እኔ አላጠጣኋትም።»

ኤክስፕረስ የእናትየዋን ፊት አየችና ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«በየጠዋቱ አንድ ሲኒ ብቻ ነው» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ ስትወጪ። አበባ አፍ የለው፣ ጠማኝ አይል። አንድ ቀን እንኳ ስታጠጪ ስላላየሁሽ ደርቃ ልትሞት ነው፣ አደራ በላ ልንባል ነው ብዬ ነው።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?»

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ውሃ በእጇ ጠረገች። እውነትም አልነገረቻትም። ሥሩን ማየት የእሷና የሲስተር ምስጢር መስሎ ደስ ብሏት ነበር።

«አዲሷን ውሰጂላቸው» አለች እናቷ። «ገና ከአልጋ የተነሱ ሰው ናቸው። ለምን እናስደነግጣቸዋለን?»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች ኤክስፕረስ።

ልጅቷ እንቡጧን አየች። ቆንጆ ናት። ነገር ግን ሲስተር ሁለት ዓመት የጠበቁት ይችን አይደለም። መቀስ በፈላ ውሃ አጠበችና የበሰበሱትን ሥሮች አንድ በአንድ ቆረጠች። ሁለት ጠንካራ ሥሮችና አራት ቅጠሎች ቀሩ። ከዚያ አዲሷን ኦርኪድ በጋዜጣው መልሳ ጠቀለለቻት።

«ለአክስትሽ መልሺላት። አመሰግናለሁ በያት።»

«አንቺ ልጅ ጤነኛ አይደለሽም» አለች ኤክስፕረስ፤ ቦርሳዋን ግን ከፈተች።

ልጅቷ የቀረችውን ተክል በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ሄደች።

«ምን ሆና ነው ቢሉሽስ?» አለች እናቷ።

«ደህና ናት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከእሱ እጀምራለሁ።»

«ውሃውንስ ማን አጠጣት ትያቸዋለሽ?»

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አላሰበችበትም። ወጥታ ደረጃውን መውጣት ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከኋላዋ በሩ ሲከፈት ሰማች።

«ቆይ» አለች እናቷ። «ጫማዬን ላድርግ።»