ሬሕማ የተቀመጠችበት ካርቶን

ካርቱም፣ ባሕሪ ሰፈር ባለው የወረቀት ፋብሪካ ሰው ከሰው ጋር የሚጫወተው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። ማሽኑ ሲሠራማ ማን ማንን ይሰማል? ያ ረጅም ብረት ሲያጓራ አጠገብህ ያለው ሰው ቢዘፍን እንኳ የሚያዛጋ ነው የሚመስልህ።

መብራት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከጠፋ ግን አለቀ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ እስኪረከብ ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ራሱን ይስታል፤ ሲነቃም የት ላይ እንደነበረ አያውቅም። ይሮጥ የነበረው ወረቀት ይበጣጠስና በሚያደርቁት የጋሉ ሲሊንደሮች መሀል ይወሸቃል። ያን ጊዜ ሬሕማና ጓደኞቿ ጓንት አጥልቀው ይገባሉ፤ የተቀጠሩት ለዚሁ፣ የተበጠሰውን ለመልቀም ነው። ለቅመው ሲወጡ፣ ማሽኑ እንደገና እስኪሞቅ ድረስ ፋብሪካው ጸጥ ይላል። ሻይ የሚጠጣውም፣ ወሬ የሚወራውም ያኔ ነው።

ሬሕማ ከወሎ ስትመጣ መጀመሪያ የገባችው አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነበር። ሰው ቤት ማለት እዚያው ማደር፣ መዳም ካልፈቀደች ከበር አለመውጣት ነው። ፋብሪካው ከቀጠራት ወዲህ ካላክላ ሰፈር፣ አጎቷ አብዱልወሃብ ቤት እያደረች በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ትመላለሳለች። ሐፍላው የሚጋፉበት፣ መንገዱም የሚያሰለች ቢሆንም ማታ ወደ ራሷ ፍራሽ ትመለሳለች፤ አርብም የራሷ ቀን ሆኗል። ይህን በምንም አትለውጠውም ነበር።

ፋሪስን ያወቀችው ማሽኑ ጸጥ ባለበት አንድ ቀን ነው። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የወሎ ሴት ናቸው፤ እሱ ካርቱም ተወልዶ ያደገ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ነው።

«ደክሞሻል ወላሂ፤ ተቀመጪ» አላት ባልዲ ገልብጦ እያቀረበላት።

«አንተስ?»

«እኔ የከህረባ ሰው ነኝ። ሥራዬ ከህረባ ሲጠፋ ነው የሚጀምረው።»

«ታዲያ ለምን ቆመህ ታወራለህ?»

ሳቀ። አማርኛ የተማረው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ አነጋገሩ ሁሉ የእናቱ ነበር። ጭንቅላቱን ከቧንቧ ጋር ሲያጋጭ «ውይ በሞትኩት!» ይላል፤ ይህን ስትሰማ ሬሕማን ሻዩ ትን ይላታል። ያን ትልቅ ሰውዬ በዚያ ቃል ሲደነግጥ ማየት ያስቃል፤ ሳቁ ሲያልፍ ግን ዓይኗ እሱ ላይ ይቀራል። እሱም ያያታል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከሐፍላ ወርዳ ወደ ሥራ ስትገባ መብራት ይጥፋ እያለች መጸለይ ጀመረች። እንዲህ ዓይነት ዱዓ ከማን ጋር ይወራል?

አንድ ቀን ፋሪስ ከሙዲሩ፣ ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ቢሮ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ሙዲሩ ባትሪ አስገዛ። ከተማው ሲያጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ኮምፒውተሩን ባትሪው ይይዘዋል። ወረቀቱ አይበጠስም።»

«ጥሩ ነዋ!» አለች፤ ወዲያው ግን ነገሩ ገባት። «ወረቀቱ ካልተበጠሰ እኛስ ምን እንለቅማለን?»

ፋሪስ የሻይ ብርጭቆውን ያሽከረክር ጀመር። «ገና ነው። ባትሪውን የሚያገናኘው ዕቃ ከፖርት ሱዳን አልመጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ኢንሻአላህ ይዘገያል።»

በሳምንቱ ባልዲውን ወሰደና በምትኩ ጠንከር ያለ ካርቶን አስቀመጠላት። እንዳይቆረቁራት ብሎ ጃኬቱን አለበሰው። ሬሕማ ተንከባከበኝ ብላ ደስ አላት። መብራት በጠፋ ቁጥር እዚያ ካርቶን ላይ ተቀምጣ «ዕቃው መጣ?» ትለዋለች፤ «ገና» ይላታል።

ከዚያ ዛሂራ ተቃጠለች።

ዛሂራ ከለቃሚዎቹ ሁሉ ትልቋ፣ የሬሕማ የካላክላ ጎረቤት ናት። መብራት ጠፍቶ የተወሸቀውን ወረቀት ስትጎትት እጇ ተንሸራቶ የጋለው ሲሊንደር ላይ አረፈ። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ክው አለ። ፋሪስ አፈፍ አድርጎ አነሣትና እየሮጠ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሬሕማ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች።

ሙዲሩ ኦስማን የሆነውን ሊያይ ሲመጣ ለአክብሮት ብድግ አለች፤ ጃኬቱም ተንሸራቶ ወደቀ። ኦስማን በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«ይህ ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ በዐረብኛ። «ከፖርት ሱዳን አልመጣም የተባልኩት እኮ ነው!»

ፋሪስ ከሐኪም ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ዛሂራ እንዴት ናት?»

«ትድናለች ብለዋል።»

«ስንት ጊዜ ነው ያ ዕቃ ላይ ያስቀመጥከኝ?»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ከተገጠመ እናንተን ያሰናብቷችኋል። ሰው ቤት ትመለሻለሽ፤ በየት አገኝሻለሁ? ለአንቺ ብዬ ነው።»

«በኔ ስም የሰው እጅ አታቃጥል!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ብትነግረኝ አብረን መላ እንፈልግ ነበር። ጠይቀኸኛል? አልጠየቅከኝም። ሂድና ግጠመው።»

የዚያኑ ቀን ገጠመው። በማግስቱ የጣሪያው አምፖሎች ድርግም ሲሉ ሴቶቹ እንደለመዱት ጓንታቸውን አነሡ። ማሽኑ ግን አልቆመም። ጨለም ባለው አዳራሽ ውስጥ ነጩ ወረቀት ሳይበጠስ ይፈስ ነበር፤ ሬሕማ ተናድዳም ቢሆን ውበቱን መካድ አልቻለችም። ፋሪስ ከማዶ ሆኖ አንድ ነገር አላት። በዚያ ጩኸት ምን ይሰማል? እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ፊቷን አዞረች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ለቃሚዎቹ ተሰናበቱ። ሬሕማ ወደ አል-ሳሃፋ፣ ወደ ሰው ቤት ተመለሰች። የመዳም ቤት መብራት ሲጠፋ፣ ፍሪጁ ጸጥ ሲል፣ የሻይ ብርጭቆ የሚያሽከረክር እጅ ፊቷ ላይ ድቅን ይልባታል። ተናዳበታለች፤ ናፍቃዋለችም። የትኛው እንደሚበልጥ ለራሷም አልነገረችም።

ወራት አለፉና አጎቷ ደወለላት። «አርብ መዳምን አስፈቅደሽ ነይ። ሽማግሌ ይመጣብናል።»

ሽማግሌ የላከው ማን እንደሆነ ያወቀችው ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ድምፃቸውን ስትሰማ ነው። የፋሪስ እናት ሑሪያ ከሁለት አዛውንቶች ጋር መጥተዋል። እንደ አገር ቤቱ ወግ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ፋሪስ ውጭ ቀርቷል። አራተኛውን ድምፅ ስትሰማ ግን ሬሕማ መጋረጃውን ጨብጣ ያዘች።

«እኔ የመጣሁት በልጁ ወገን ነው፤» አለች ዛሂራ። «እጄ ይኸው፣ ድኗል። ሐኪም ቤት ያመላለሰኝ እሱ ነው። ለሙዲሩም ሌላ ሰው ላይ ሳያላክክ፣ የደበቅሁት እኔ ነኝ ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። በኔ እጅ ሰበብ ተኳርፈው እንደሆነ እኔ ይቅር ብያለሁ።»

አብዱልወሃብ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የጣሪያው ማራገቢያ ቀስ እያለ ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሙቀቱም ወዲያው ገባ።

«የመብራት ሰው ነው የምትሉት ልጅ የታለ?» አለ አብዱልወሃብ ላቡን እየጠረገ።

«ውጭ፣ ፀሐይ ላይ» አለች ሑሪያ።

«ያላ፣ ይግባ እንጂ! ወጉን ለዛሬ እንተወው።»

ፋሪስ አንገቱን ደፍቶ ገባ። በሩ አጠገብ ያለውን ቆጣሪ ከፍቶ አየ። ሁሉም ይጠብቀዋል። ሽቦውን ነካ ነካ አድርጎ፣ መብራቱ እስኪመጣ ጠብቆ፣ ሠራሁት ማለት ይችል ነበር።

«የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ቆጣሪው ደህና ነው። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» አለ። ቀና ሲል ጭንቅላቱን ከቆጣሪው ክዳን ጋር አጋጨ። «ውይ በሞትኩት!»

አዛውንቶቹ ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባም ሳቅ ተሰማ፤ ከምትጠየቅ ልጅ ሊሰማ ከሚገባው በላይ ጮክ ያለ ሳቅ። ፋሪስ ያን ሳቅ ሲያውቀው ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ሬሕማ፣» አለ አጎቷ ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ «ይህን ልጅ ምን እንበለው?»

በመልስ ፈንታ ሬሕማ ራሷ ብቅ አለች፤ በእጇ ባልዲ ይዛለች። ውስጡ ባዶ መሆኑን ለፋሪስ አሳየችና፣ ፊቱ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ምንም የተደበቀ የለውም፤ እይ» አለች። «ከዛሬ ወዲያ እንዲህ ነው የምንቀማመጠው። ከተስማማህ ተቀመጥ።»

ፋሪስ ተቀመጠ። ሑሪያ እልል አለች፤ ዛሂራ በዳነው እጇ ዓይኗን ጠረገች። መብራት የመጣው ሻዩ ተቀድቶ ሳያልቅ ነበር። ማራገቢያው መሽከርከር ጀመረ፣ እሱም ከባልዲው አልተነሣም።