ቀጥ ብላ የተኛችው ሴትዮ

ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተኝታለች። ራሷ ትራስ ላይ፣ እጆቿ ደረቷ ላይ፣ አንሶላው እስከ ብብቷ። ከንፈሯ ባይጠቁር ኖሮ ጥሩ እንቅልፍ የወሰዳት ነው የምትመስለው።

ላባ የታጠበ ፎጣ እንደታቀፈች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ላባ የሚሏት እጇ ቀላል ስለሆነ ነው። ሥራዋ ቦርጫቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ብቻ የተረፋቸውን ሁሉ በቀዶ ሕክምና ያስቀነሱ ሴቶችን እብጠታቸው እስኪወርድ ማሸት ነው። ማሸት ሲባል ደግሞ እንደ ሊጥ መደፍጠጥ እንዳይመስላችሁ። ድመት እንደማሻሸት ነው፤ ያውም የምትቧጭር ድመት! ቤቱ የሲስተር ነው። ሲስተር ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ከሐኪም ቤት የወጡ ሴቶች እስኪያገግሙ ቤቷን ታከራያቸዋለች።

ላባ ይቺን ሴትዮ ምሳ እንደበላች አሽታት፣ ትራሶቿን አመቻችታላት፣ ፎጣ ልታጥብ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ የሟች ታናሽ እህት አልጋው ሥር ተንበርክካ ትጮሃለች።

ከዚያ ላባ አንድ ነገር አየች። በሟች አፍና አፍንጫ ዙሪያ ያብለጨልጫል። ዘይት ነው። ላባ የምታሽበት ዘይት። ፊቷን ግን አልነካችም! በልጇ ትምላለች፣ አልነካችም!

ፎጣው ወለሉ ላይ ተበተነ።

«አንቺ ነሽ!» ታናሽ እህትየዋ ዞራ አፈጠጠችባት። «በዚህ እጅሽ ገደልሻት!»

ከኋላ ኮቴ ተሰማ። ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ የመኪና ጋራዥ የሚያሠራ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው።

«ማንም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለ። ላባን ክንዷን ይዞ ሳሎን ወንበር ላይ አስቀመጣት። እንደ ዕቃ።

*

መርማሪዋ ማስቲካ እያኘከች መጣች። አጭር፣ ቀጭን፣ ጫማዋ የተማሪ የሚያህል ሴት ናት። ጋሼ ዋናው መርማሪ ከኋላዋ እስኪመጣ ትንሽ ጠበቀ። ዋናው እሷ ነበረች።

ይዛው ከመጣችው የአስከሬን ሐኪም ጋር ክፍሉ ውስጥ ብዙ ቆዩ። ሐኪሙ ሲወጣ፣ «ታፍና ነው። በትራስ» አለ፣ ወሬው እንዲህ አጭር።

መርማሪዋ ላባን ጓሮ ወስዳ ከልብስ ማስጫው ሥር አስቀመጠቻት።

«መጨረሻ ያየሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ደህና ነበረች። እንዲያውም እየቀለደች ነበር። እግሯን አሽቼ ስጨርስ ‹ከዚህ አልጋ ስነሳ ገና ጉድ ታያላችሁ› አለችኝ።»

«ምን ጉድ?»

«ጋራዡ በአባታቸው ኑዛዜ የሷ ነው። እስከዛሬ ጋሼ ነበር የሚያሠራው፤ አሁን ቁልፉን ተቀብላ ለታናሿ ልትሰጥ ነበር።»

«ዘይቱስ? ፊቷ ላይ ምን ይሠራል?»

«አላውቅም! እኔ የቀባሁት እግሯን ብቻ ነው። ሆዷን በደረቅ እጅ ነው፤ ስፌት አለ። እመቤት፣ እኔ ከታሰርኩ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያወጣት ሰው የለም።»

መርማሪዋ ማስቲካዋን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረች። «እሱን አሁን አትንገሪኝ፤ ያሳዝነኝና ሥራ እፈታለሁ» አለች።



ጋሼ የተጠየቀው ሳሎን ውስጥ ነው። ላባ በተከፈተው መስኮት ሁሉንም ትሰማለች።

«እዚችው ቁጭ ብዬ ነበር» አለ። «ክፍሏ ገብቼ አላውቅም። ቀዶ ሕክምናውን ካደረገች ጀምሮ ወንድ አታስገባም፣ ታፍራለች። ድምጿን ግን ሰምቻለሁ። ያቺ ሴትዮ ስታሻት ‹ኧረ ሆዴን! እጅሽ አቃጠለኝ፣ አንሺው!› እያለች ስትለምናት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተነስቼ ባስጥላት ምን ነበረ!» ድምፁ ተሰበረ። «ትንሽ ቆይቶ ጭጭ አለች።»

ላባ መስኮቱ ሥር ጉልበቷን አቀፈች። ውሸት ነው። ግን ማን ያምናታል? እሱ ጋሼ ነው፤ እሷ የሰው ገላ አሽታ የምታድር።

በዚያ ሰዓት ታናሽየዋ ጭማቂ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ሲስተር ደግሞ አጠገብ ባለው ክፍል የሳቂታዋን ቁስል እያጠበች ነበር። ሳቂታዋ ሌላዋ ታካሚ ናት፤ እሷም ሆዷን ያንኑ ቀዶ ሕክምና ያደረገች፣ ጥቂት ሳምንት የቀደመች።

«ሲስተር ከዚህ ንቅንቅ አላለችም» አለች ሳቂታዋ። «የኔን ቁስል ስታጥብ ሰዓት አታውቅም፤ መኪና የምታጥብ ነው የሚመስላት።»

«ከአጠገብ ጩኸት ሰማሽ?» አለች መርማሪዋ።

«ምንም።»

«ላባ ሆድሽን ስታሽሽ ያቃጥልሻል?»

ሳቂታዋ ስፌቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። «የቱን ሆድ እህቴ? የኔ አይደለም እኮ! ባለፈው ሻይ ከነሙቀቱ ደፋሁበት። ቁጭ ብዬ ወሬዬን ቀጠልኩ። ሲስተር መጥታ ‹ምነው ቀላ?› ስትለኝ ነው ያወቅኩት። ከእምብርቴ በታች ብትቆነጥሪኝ ግድግዳ ነው። ሐኪሙ ስሜቱ የሚመለሰው በወራት ነው ብሏል።»

መርማሪዋ ማኘኳን አቆመች። ስልኳን አውጥታ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደወለች።

*

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሳቂታዋን እንኳን በትራስ አጉብጠው ከነወንበሯ አመጧት። በሩ ላይ ሁለት ፖሊስ ቆሟል፤ ላባ የመጡት ለሷ መሰላት። እጇን ብብቷ ውስጥ ደበቀች።

«ሲስተር» አለች መርማሪዋ። «ሆዷን እንዲህ የተሰፋች ሴት እንዴት ነው የምትተኛው?»

«ጎብጣ ነዋ። ጀርባዋ ከፍ ይላል፣ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ይገባል። ቀጥ ካለች ስፌቱ ይለቃል።»

«ሟች ስትገኝ ግን ቀጥ ብላ ነበር።»

ላባ ቀስ ብላ ቀና አለች። አይታዋለች እኮ! አይታ ፍርሃቷ ዋጠባት።

«ስፌቷ ለቋል፤ ደም ግን አልፈሰሰም። ስለዚህ የተዘረጋችው ከሞተች በኋላ ነው። ራሷ ሥር የነበረው ትራስ ደግሞ በታች በኩል ዘይት አለው። የእግር ዘይት። ላባ ከጉልበቷ ሥር ያደረገችው ትራስ ነው። አንድ ሰው መዞ አፈናት፤ የፊቷ ዘይት ከዚያ መጣ። ከዚያ የጀርባዋን ትራሶች አንስቶ ይሄንን ራሷ ሥር አደረገላትና እግሯን ዘረጋጋት። ማን? ሲስተር በሕልሟም አታደርገውም፤ ደግሞም ሳቂታዋ ጋ ነበረች። ታናሽየዋ አጠገቧ ነው የምታድረው፤ በየለሊቱ ትራሱን የምትመልስላት እሷ ናት። በራሷ ጊዜ የሞተች ለማስመሰል ከሆነ፣ እነሱ ቢሆኑ እንደጎበጠች ይተዋት ነበር። ይሄን ያደረገው እንዴት እንደምትተኛ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ላባስ?» አለ ጋሼ። «ተንኮሏን በምን አወቅሽ? ሌላ ሰው የሠራው ለማስመሰል ዘርግታት ቢሆንስ?»

«እሱን አሰብኩ። ከዚያ አንተ አዳንካት።»

«እኔ?»

«‹ሆዴን አቃጠለኝ› ስትል ሰማሁ አልክ። እህትህ ሆዷ ላይ ፍም ብታስቀምጥላት አይሰማትም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ትናንት በመርፌ ጫፍ ነካክቶ አይቷታል። የታሸ ሰው ያመዋል ብለህ ገመትክና ፈጠርከው። አስታማሚዎቿ ቢዋሹ ሌላ ውሸት ይዋሹ ነበር። ታናሽህ ጭማቂ ልትገዛ ስትወጣ፣ ላባ ጓሮ ስትገባ፣ ሳሎን የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ገባህ። ቁልፉን ጠየቀችህ።»

ጋሼ ሊቆም ብሎ ተመልሶ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ትከሻ ወንበሩ ውስጥ ሰጠመ።

«ሃያ ዓመት በዘይትና በግራሶ ያረጀሁት እኔ ነኝ» አለ። «‹ለትንሿ ስጣትና አንተ ተቀጣሪ ሁን› አለችኝ። እየሳቀች። ትራሱን… ዝም እንድትል ብቻ ነበር።»

«ለምን ዘረጋሃት?»

«እንደ ሕፃን ልጅ እጥፍጥፍ ብላ…» ፊቱን ሸፈነ። «እንደዚያ ሆና ትቼያት መውጣት አቃተኝ። ወንድሟ ነኝ።»

ታናሽየዋ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች።

*

ጋሼን ከወሰዱት በኋላ ላባ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መርማሪዋ ስታልፍ ማስቲካ ጣለችላት። «ልጅሽን አውጪ እንግዲህ» አለቻት። ላባ ግን መነሳት አልቻለችም። እጇን ገልብጣ አየችው። ነገ በዚህ እጅ ማንን ትነካለች? ወሬ እንደሆነ እውነቱን ቆሞ አይጠብቅም።

የጓሮው በር ተንጓጓ። ታናሽየዋ ናት። ላባ ልትመታት የመጣች መስሏት ክንዷን ፊቷ ላይ አነሳች።

ልጅቷ አልመታቻትም። ዓይኗ አብጦ መሬት መሬት ያያል።

«አንገቴ» አለች። «ከጮህኩ ጀምሮ አልዞር አለኝ።»

መጥታ ላባ እግር ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጥታ።

ላባ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደችና አየር ላይ አቆመችው።

«አትፈሪኝም?»

«እፈራሻለሁ» አለች ልጅቷ። ሻርፗን ከአንገቷ ላይ አወረደችው።