የተሸናፊው ሳቅ

የዘንቃራ ንጉሥ ገበጣ የተሰረቀው በጠራራ ፀሐይ፣ ዘበኞቹ ዓይናቸውን አፍጥጠው እያዩ ነው። ጨው ጨው የሚሸት ጉም በአዳራሹ በር ገባ፤ ጉሙ ሲወጣ ከዙፋኑ ግርጌ ገበጣውም አርባ ስምንት ጠጠሮቹም አልነበሩም። ወይ ዘበኛ! ጦራቸውን እንደጨበጡ ቆመው ቀሩ።

የጠፋው የጨዋታ ዕቃ ነው ብሎ የሚስቅ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። በዘንቃራ ሁለት አገሮች በወሰን ሲጣሉ ጦር አይማዘዙም ነበር፤ በዚያ ገበጣ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ከየተጫዋቹ ጀርባ አሽሟጣጭ ይቆማል፤ ሥራውም ባላጋራውን በነገር መውጋት ነው። ሕጉ ሁለት ነው። የተቆጣ ተሸነፈ። ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ የአሸናፊው አሽሟጣጭ ተሸናፊውን እስኪያስቀው ድረስ ከጎኑ አይነሳም፤ ማንም ቂም ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይገባ። ብዙውን ጊዜ ለዚህ አንድ ዋንጫ ጠጅ ይበቃል።

ገበጣው በጠፋ በሦስተኛው ሳምንት የላይ ዳርና የታች ዳር ሰዎች በአንድ የግጦሽ መስክ ተጣሉ። የሚዳኛቸው አልነበረም። ነጋሪት ተጎሰመ፤ በዘጠነኛው ቀን በመስኩ ላይ በጦር ሊገናኙ ተማማሉ። በላይ ዳር ሰልፍ ከፊት ከሚቆሙት አንዱ ይርዳው የሚባል ወጣት ነበር።

የይርዳው እህት አንጓች ሃያ ዓመት አልሞላትም። በገበጣ የምትረታት እናቷ ብቻ ነበረች፤ እናቷም አባቷም ሞተዋል። በዚህ ዓለም የቀራት ይርዳው ነው። ነጋሪቱን በሰማች ጊዜ እየሮጠች ንጉሡ ፊት ተደፋች።

«ንጉሥ ሆይ! ገበጣውን የወሰደው የጨው ተራራው ጎርሞ እንደሆነ አገር ያውቃል። ሄጄ ላምጣው። ሳላመጣው ብመለስ ይህ እጄ ጠጠር አይጨብጥ! ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ ቀኑ እየሄደ ነው።»

መኳንንቱ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ከጎርሞ ዋሻ የተመለሰ ሰው የለማ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳል ሳል አለና ቀረበ፤ አባ ቸኮል ነበር፣ የቤተ መንግሥቱ አሽሟጣጭ።

«እኔም እሄዳለሁ፣ ጃንሆይ። የዚህች ልጅ እጇ እንጂ አፏ አይናከስም። ዘበኞችዎ ደግሞ ቆመው ማየት ስለሚወዱ እዚሁ ይቆዩ።»

ንጉሡ ፈቀደላቸው፤ ወደ ተራራው አራት ቀን ወጡ። የአባ ቸኮል ጉልበት በየዳገቱ ይከዳዋል፤ አንጓች ቆማ ትጠብቀዋለች። ከታች የነጋሪቱ ድምፅ አልተቋረጠም። ከጨው ተራራው ወገብ ላይ ደግሞ የሥጋት ወፎች ጀመሯቸው። እነዚህ ወፎች ሰው በልቡ የፈራውን ከፍ አድርገው በራሱ ድምፅ ይናገራሉ።

«አትደርሺም!» አለች አንዷ በአንጓች ድምፅ። «ይርዳው ተወግቷል! ይርዳው ወድቋል!»

«ዝም በይ አንቺ ላባሽ የረገፈ!» አለ አባ ቸኮል። «እንቁላልሽን ጥለሽ የሰው ጭንቀት ትታቀፊያለሽ?»

አንጓች ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ጆሮዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

በአምስተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከዋሻው ደረሱ። ጎርሞ ጎተራ የሚያህል ፍጡር ነው፤ ሲንቀሳቀስ ከትከሻው ጨው ይራገፋል። ገበጣው ከፊቱ ተቀምጧል።

«ልትሰርቁኝ መጣችሁ» አለ።

«ልንጫወት ነው የመጣነው» አለች አንጓች።

ጎርሞ ቶሎ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ባትፈራ ኖሮ ደስ እንዳለው ታይ ነበር።

«ካሸነፍሽ ውሰጂው። ከተሸነፍሽ ሁለታችሁም ጨው ሆናችሁ ትቀራላችሁ። በዘንቃራ ሕግ ነው። ሕጉን አንድ ሳይቀር አውቀዋለሁ።»

ጀመሩ። ያ ትልቅ ጣት ጠጠር ሲዘራ እንዴት ያለ ቀልጣፋ ነው! ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በአንጓች በኩል ዘጠኝ ጠጠር ብቻ ቀረ። አባ ቸኮል ቁመቱን ሰደበ፣ ጠረኑን ሰደበ፣ ዘሩን ሰደበ፤ ጎርሞ እንደ ዝናብ ድምፅ አዳመጠው። ይልቅ እሱ ራሱ ወደ አንጓች ጎንበስ አለ።

«ወንድምሽ ጦሩን እየሳለ ነው። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል፣ እንደ እጅሽ።»

አንጓች ደሟ ፈላ። ልትጮኽ አፏን ስትከፍት አባ ቸኮል ትከሻዋን ጨበጠ። ሽማግሌው የሚያየው እሷን አልነበረም፤ የዋሻውን ወለል ነበር። ወለሉ ከጥግ እስከ ጥግ በተፈለፈሉ ገበጣዎች ተሞልቷል፤ በየፊታቸው ግን የመቀመጫ ድንጋይ አንድ ብቻ ነው። ጎርሞ ዘመኑን ሁሉ ከራሱ ጋር ሲጫወት ኖሯል።

«ልጄ» አለ አባ ቸኮል በቀስታ፣ «ልቀቂለት።»

«ምን አሉኝ?»

«ልቀቂለት እንጂ። ብቻውን የኖረ ነው፣ ያሳዝናል። እኛ ቤት ሕፃን ሆድ ሲብሰው ጨዋታውን እንለቅለት የለ?»

አንጓች ገባት። የመጨረሻ ተስፋዋ የነበሩትን አራት ጠጠሮች አንስታ በጎርሞ ቤት ጨመረችለት። «እንካ፣ የኔ አንበሳ» አለችው። «ጎበዝ!»

«አትልቀቁልኝ!» ዋሻው ተናወጠ። «እኔ የማንንም ምጽዋት አልፈልግም!» ገበጣውን በእግሩ መታው፤ ጠጠሮቹ በየጥጉ ተበተኑ።

«ተቆጣህ» አለች አንጓች።

ጎርሞ ተቀመጠና አለቀሰ። ጠጠሮቹን ለቅሞ፣ ቆጥሮ አስረከባት። «ውሰጂው። ሽማግሌው ግን እስክስቅ ድረስ ከእኔ ጋር ይቆያል። ሕጉ ነው።»

«ስቀህ ታውቃለህ?» አለ አባ ቸኮል።

«አላውቅም።»

አንጓች የአባ ቸኮልን እግር ይዛ ተንሰቀሰቀች። «አልሄድም! እርስዎን እዚህ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?»

«አራት ቀን ነው የቀረሽ፣ አንቺ ደረቅ! ይርዳውን ማን ያድነው? እኔ ሥራዬ ነው። ለመውረጃም ጉልበት አልነበረኝም።» ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ግንባሯን ስሞ ገፋ አደረጋት።

በዘጠነኛው ቀን ሁለቱ ሰልፎች ጦር ሰብቀው ሲቀራረቡ አንዲት ልጅ ገበጣ ታቅፋ መሀል ገባች። ጠጠሮቹን መደርደር ስትጀምር ይርዳው ጦሩን ጥሎ አቀፋት። መስኩን የታች ዳር ሰዎች በገበጣው አሸንፈው ወሰዱት። ይውሰዱት! አንድም ሰው አልሞተም።

አንጓች ግን በየቀኑ ወደ ጨው ተራራው ታያለች። በተቻላት ቁጥር ጠጅና ስንቅ አስጭና እስከ ተራራው ወገብ ትሄዳለች፤ የጎርሞ ጉም መንገዱን ዘግቶ ይመልሳታል። እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከተራራው ሳቅ ወረደ። እንስራዎች ተሰበሩ፣ በቅሎዎች ገመድ በጠሱ። ሰው ሁሉ ሲደነግጥ አንጓች ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ሮጠች። ከቀናት በኋላ ከተራራው ወገብ ስትደርስ ጉሙ ተከፍቶ ነበር። ወፎቹ «ሞቷል! ሞቷል!» አሏት፤ አልሰማቻቸውም።

ጎርሞ አዲስ በተፈለፈለ ገበጣ ፊት ተቀምጧል። የመቀመጫ ድንጋዩ ሁለት ነው። በአንደኛው ላይ የአባ ቸኮል ምርኩዝ ብቻዋን ተጋድማለች።

«የሳቅኩ ዕለት ነው የሞተው» አለ ጎርሞ እንባውን እየጠረገ። «ሊሞት ሲል በጆሮዬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለቅልህ ነበር› አለኝ! እኔ'ኮ የምር የማሸንፈው መስሎኝ!» ደግሞ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ።

ሕጉ ተፈጽሟል፤ አንጓችን የሚይዛት ነገር አልነበረም። የአባ ቸኮልን ምርኩዝ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘች፣ አለቀሰችም። ከዚያ በሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና በየቤቱ አራት አራት ጠጠር ደረደረች።

«ጀምር» አለችው። «እኔ ግን አልለቅልህም።»