ዘቢዳር ላይ የጠበቀን ምሳ

ስለ ጫካ መንፈስ ሲወራ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ የማያምነኝ ቢኖርም አልቀየምም፣ ግን የምጽፈው ያየሁትን ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ፣ ዕፅዋት የሚያጠኑ ነባር ተማሪዎች ቅዳሜ ዘቢዳር ተራራን ሊወጡ መሆናቸውን ሰማሁና «ምሳውን እኔ ልሸከም፣ ብቻ ውሰዱኝ» ብዬ ለመንኳቸው፣ መምህራቸው ጋሽ ታደሰም ፈቀዱልኝ። ይታያችሁ፣ ያንን የምሳ ቋጠሮ ቡታጅራ ሻይ የጠጣንበት ቤት፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ረስቼው ወጣሁ!

ያስታወስኩት ጫካው መሀል ነው። መሪያችን ጋሽ ሽኩር የመስቃን ገበሬ ናቸው፣ ዝግባውንና ኮሶውን እንደ ጎረቤት እየዳበሱ ያስተዋውቁናል፣ ጉሬዛ ከላያችን ይዘላል፣ ሁሉም ይዘፍናል፣ እኔ ብቻ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

«ፍሬሽ፣ ምሳው ከበደህ እንዴ?» ይሉኛል፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ግን ሹራብ ብቻ ነው።

ዛፎቹን አልፈን ጉም ሲውጠን ጋሽ ታደሰ «በሉ፣ ምሳ!» አሉ። ጥፋቴን ልናገር አፌን ስከፍት፣ እመኑኝ፣ ከአለቱ ጀርባ ጎመን በእንጨት ላይ ሲከተፍ ሰማሁ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ቀጥሎ የተነጠረ ቅቤ ሸተተን። ዞረን ስንደርስ ድምፁ ቆመ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል፣ በላዩ ትኩስ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ፣ ለስምንት ተከፋፍሎ። እኛ ስምንት ነን። እዚያ ከፍታ ላይ እንሰት አይበቅልም፣ ቤትም የለም፣ ሰውም የለም።

ጋሽ ሽኩር ጎንበስ ብለው አዩት። «ሥጋ የለበትም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ እንዲበላ ነው። ቢስሚላህ!» ብለው ቆረሱ።

«አንተ ጉደኛ! ሰው ቀድመህ ልከህ ኖሯል?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ ሁሉም አጨበጨበልኝ፣ እኔም ፈገግ ብዬ ጎረስኩ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ የለም።

ስንወርድ ጋሽ ሽኩርን ለብቻቸው አገኘኋቸው። «እርስዎ ነዎት ያዘጋጁት፣ አይደል?»

«ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? እኔ እኮ አላውቀውም።»

ትከሻዬን መታ አድርገው ሳቁ። «እሱ ግን አንተን አውቆሃል፣ የኔ ልጅ። ምስጋናውን ወስደህበታላ!»

እኔም ሳቅኩ፣ እስከ ቡታጅራ ድረስ እየዘፈንን ወረድን፣ ቀኑም ከቀኖቼ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፣ ብቻ ከሁሉም ኋላ ሆኜ ለመራመድ አልደፈርኩም።